ከካሴቱ የቀረችው ስንኝ

ሰው ካረጀ በኋላ የሚያስደነግጠው ነገር የለም ይላሉ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ሚስት ቀብሬአለሁ፣ መንግሥት ሲሄድና መንግሥት ሲመጣ አይቻለሁ፣ ሳነቴ ተራራ ላይ አውቶቡስ ተበላሽቶብን ብርዱ ጥርሴን ሊያረግፈው ሲል አይቼ ተርፌአለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብኛል ብዬ ተዝናንቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሮቤ ላይ በጠራራ ፀሐይ አንድ የማላውቀው ሰው ከስልኩ ዘፈን አሰማኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ድንጋጤው ከደረቴ አልወረደም። እንጀራ ስቆርስ ትዝ ይለኛል፣ ካልሲዬን ሳደርግ ትዝ ይለኛል፤ አንዱን እግር አድርጌ ሌላውን ይዤ እቀራለሁ።

ነገሩ የሆነው ሐጂ ሙዘይን በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ ልብስ ሰፊ ነው። ከስልጤ አገር በልጅነቱ ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ጎባ ሳለሁ ሱቁ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ እኔ ሚስቴ አማረች ከሞተች በኋላ ሮቤ ልጄ ቤት ስገባ፣ እሱ ከእኔ በፊት ወርዶ አገኘሁት። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። እሱ የስፌት መኪናውን በእግሩ ይረግጣል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። መንገዱ ምን መንገድ ነው አሁን፤ ባጃጅ ነው፣ ስንዴ የጫነ መኪና ነው፣ በመኸር ጊዜ ኮምባይነር እንደ ዝሆን እየተንገዳገደ ሲያልፍ የሐጂ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ድሮ ሮቤ ማለት ከጎባ ወርደን ገበያ ውለን የምንመለስባት ሜዳ ነበረች። ከተማው ጎባ ነበር። ይህን ስል የሮቤ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ያን ቅዳሜ ሐጂ የሚዜዎች ቀሚስ ይሰፋ ነበር፤ እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ታገባለች። ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰው ሞንታርቦውን ጭኖ ከአሰላ መጥቷል። ፍቃዱ ይባላል፤ አርባ የሞላው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶበት ሐጂ እስኪተክልለት ከጎኔ ቁጭ አለ። ሙዚቃ አጫዋች መሆኑን ስሰማ፣ እኔም ጎባ ላይ ሙዚቃ ቤት እንደነበረኝ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመናል። ከደሎ መና ማር ጭነው የሚመጡት ሰዎች የሚዘፍኑት ዘፈን ዜማው የህንድ ፊልም እንደሆነ አጫወትኩት። ፊልሙ ጎባ መጥቶ በነጭ አንሶላ ላይ ታይቶ ነበር። ዘፈኑን በካሴት ቀድቼ የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዓመት ሳይሞላ እነሱው የራሳቸውን ግጥም አስገብተውበት መጥተው፣ ይሄን የአባቶቻችንን ዘፈን ቅዳልን አሉኝ። ቀዳሁላቸው። ምን አገባኝ።

ፍቃዱ ሲስቅ ሐጂ መኪናውን ሳያቆም፣ ይሄ ምን ይገርማል አለ፤ ክርስቲያኖቹ በየሰርጋችሁ የምትጨፍሩበት ዘፈንም ዜማው የሼክ ሁሴን መቃብር ተጓዦች ነው። የትኛው አልኩት። «ባሌ ራቀኝ» ነዋ አለኝ። ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው፣ እያጨበጨቡ፣ በኦሮምኛ እያዜሙ በጎባ ሲያልፉ የገዛ አማቱ አብራቸው ትሄድ ነበር፤ ያቺ ልጅ ከእናቷ ደጅ ቆማ ውኃ ስታቀብላቸው ነው ዜማውን የያዘችው። አርባ ዓመት አጠገቡ ስቀመጥ ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለ።

ከዚያ «ያቺ ልጅ» ማለቱ ራሱን አስደነገጠው መሰለኝ፣ አቀርቅሮ መርፌ ፍለጋ ገባ። ያቺ ልጅ ያላት ጥሩወርቅ ናት። ከአማረች በፊት ሚስቴ ነበረች። በጎባ ሰው አፍ ታሪኳ አጭር ነው፤ ባሏን ጥላ ለዘፈን የሄደች። ወሬውን ሌላ ሰው አላወጣውም፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት።

ዘፈኑን የባሌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ይዘፈናል፣ ለኳስ ይዘፈናል፣ እስከ ብድሬ ከተማ ድረስ ከብት ነጋዴው በመኪና ላይ ያዜመዋል። ባለ ሁለት መስመር ሁለት ስንኝ ነው።

ባሌ ራቀኝ፣ ረዘመ መንገዱ፤
ትዝ አለኝ ጭጋጉ፣ ትዝ አለኝ ብርዱ።
ባሌ ደጋ ሆኖ ልቡ የማይሞቅ፣
እኔ ነኝ እሳቱን ይዤ የምርቅ።

አገሩን የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት ዝም ይላል። እኔ እንኳ ዘፋኟን ተቀይሜ ዘፈኑን አልጠላሁትም፤ ለምሽት ሰርግ፣ ለቀን ሰርግ፣ ሰው ሲጨፍርበት ከዳር ቆሜ በእግሬ እመታ ነበር። ታዲያ ፍቃዱ ምን ቢል ጥሩ ነው፤ የሰርጉ ባለቤቶች ይህን ለሙሽራ መውጫ አጫውት ብለውት እንቢ ብሏል። ይሄ እኮ ሰርግ ላይ አይሆንም አለ፤ አሰላ ይህ ዘፈን ሲከፈት መጠጥ ቤት ያለ ሰው ጭጭ ይላል፣ ባሏ የረሳት ሴት እንጉርጉሮ ነው።

ሳቅኩበት። «ስማ፣ ባሌ አገሩ ነው። አሁን የተቀመጥክበት አገር» አልኩት።

«አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ባሌ ሲባል አገር የሚሰማችሁ እናንተን ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚሰማው የትዳር ባሏን ነው» አለኝ።

መቼም ተከራከርኩ። ባል ጭጋግ አለው ወይ አልኩት። አገርስ ልብ አለው ወይ አለኝ፤ ልቡ የማይሞቅ ትላለች እኮ። ልቡ ማለት መሀሉ ነው፣ መሀል አገሩ፣ አልኩት። ሐጂ ክሩን በጥርሱ ይዞ ይስቃል። በመጨረሻ ፍቃዱ፣ እሺ ይሁን፣ ታዲያ ሦስተኛውን ስንኝ ምን ያደርጉታል አለኝ። ሦስተኛ የለውም አልኩ፤ እኔ ነኝ ለዚህ አገር የቀዳሁት፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል። የለም አባባ፣ ሦስት ነው፣ ኦርጅናሉ አለኝ አለና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ሦስተኛ የለውም ያልኩት ሰውዬ እንዴት እንደኖረ ልንገራችሁ። ጎባ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነበር ሱቄ። ስፋቷ አልጋ የምታህል። በሩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ፣ በጭጋግ ጊዜ እንዲታይ። ሻይ በአሥር ሳንቲም በሚጠጣበት ዘመን አንድ ካሴት ሞልቼ በሁለት ብር እቀዳ ነበር፤ ካሴቱን ይዞ ለመጣ። ቤልቦተም ሱሪ የለበሰ፣ አፍሮውን ያበጠረ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ የከፈተ ጎረምሳ፣ በዚያ ብርድ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ የሱቄ በር ላይ ተደግፎ ይውላል። ሴቶቹ ሚኒ ለብሰው ከላይ ጋቢ ይደርባሉ። ክር የተበላበት ካሴት ያመጡልኛል፤ በእስክሪብቶ እጠመጥምላቸዋለሁ። ከፊደል የማውቀው ትንሽ ነው፤ የዘፋኞቹን ስም በካሴቱ ወረቀት ላይ ስጽፍ ሐጂ በግድግዳው ቀዳዳ እያየ «ይሄ ማነው? ዘፋኝ ነው ወይስ መድኃኒት?» ይለኝ ነበር። ካርታ የሚመስል ጽሑፍ ነበር የምጽፈው።

ጥሩወርቅ ሰርግ ላይ ስትዘፍን ነው ያገኘኋት። ሰማንያ ተፈራርመን፣ ሽማግሌ በልቶ ጠጥቶ፣ ሁለት ዓመት እንደ ሰው ኖርን። ድምጿ ሱቁ ውስጥ ሲሰማ ሐጂ መኪናውን ያቆም ነበር፤ ሐጂ ለአዛን ካልሆነ መኪናውን አያቆምም። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጡ ሙዚቀኞች ሰሟትና፣ አንድ ካሴት እናስቀርጽሽ፣ ሦስት ወር ነው አሏት። ጠየቀችኝ። እኔ ግትር ነኝ፤ አባቴም ግትር ነበር፣ በቅሎአችን እንኳ ግትር ነበረች። ሱሪ ለብሳ መናኸሪያ ስትቆም ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ከሄድሽ አትመለሺ አልኳት። ቦርሳዋን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተሳፈረች። የአውቶቡሱ ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ሳይጠፋ ሱቄ ገብቼ ሬዲዮኑን ከፈትኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጥላኝ ሄደች አልኩ። አንዴ ካሉት በኋላ ቀላል ነው፣ በየቀኑ ይባላል።

ሦስት ወሩ አልፎ፣ ስድስት ወር ሞልቶ፣ ደብዳቤ የለም። አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት ካሴት አምጥቶ መደርደሪያዬ ላይ ጣለና፣ ይስማው ብላለች ብሎኝ ሄደ። ከፈትኩት። አሥር ዘፈን ነው፤ ጎረምሶቹ ተሰበሰቡ። «ባሌ ራቀኝ» ሲል ሁሉም ጮኹ፣ ስለ አገራችን ዘፈነች ብለው። እኔ ከመጀመሪያዋ ስንኝ አላለፍኩም፤ አጠፋሁት። ናፍቆቷ ለጭጋጉ ነው፣ ለብርዱ ነው፣ አልኩ በልቤ። ጭጋግ የናፈቃት ሴት ለእኔ አንዲት ቃል የላትም።

ግን ሰው ቅዳልን ብሎ አስቸገረኝ። እንጀራዬ ነው፣ እንቢ አይባልም። ቀዳሁ። እንዴት ቀዳሁ ብትሉ፣ ድምፁን ዘግቼ። ቴፑ ሁለት ካሴት ይይዛል፤ ያኛው ሲዞር ይሄኛው ይቀዳል፣ ሰው ሳይሰማም ይቀዳል። «ባሌ ራቀኝ»ንም በንዴት ከሁሉም በታች፣ ከካሴቱ ገጽ መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ባለ ስልሳ ደቂቃው ካሴት እዚያ ላይ ሲደርስ ክሩ ያልቃል፣ ቀጭ ይላል፣ ይቆማል። ደህና፣ አለቀ እላለሁ። በዚህ ዓይነት ስንቱን ቀዳሁ፤ ጎባ፣ ሮቤ፣ ደሎ መና፣ ሌሎቹም ከእኔው ቅጂ ቀዱ። ሬዲዮ አንዳንዴ ቢያሰማውም ዜና ይደርስና ከመሀሉ ይቆርጠዋል። ኦርጅናሉን ደሎ መና ለሚሄድ ሾፌር ሰጠሁት፣ ከዓይኔ ይራቅ ብዬ።

ፍቃዱ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። ድምጿ ነው። ሌላ ሰው ነው ብዬ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ድምጿ ግን ድምጿ ነው። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ክራሩ ብቻውን ትንሽ ሄደ። ከዚያ፦

ፊደል ባያነብም ጆሮ አለው ባሌ፤
መጥቶ ይውሰደኝ፣ ይድረሰው ቃሌ።

የያዝኩት ሻይ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። መቃጠሌን ያወቅኩት ቤቴ ገብቼ ሱሪዬን ሳወልቅ ነው። ድገመው አልኩት። ደገመው። እንደገና ድገመው አልኩት። የሐጂ መኪና ቆሟል። ሐጂ መነጽሩን አውልቆ፣ «ኢናሊላሂ» አለ፣ ሰው የሞተ ይመስል።

አሁን አስቡት። ደብዳቤ ያልጻፈችው ጎረቤት እንዳያነብልኝ ነው። ያኔ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሐጂ ወይም የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ነው የሚያነብልኝ፤ በባልና ሚስት መሀል ሦስተኛ ሰው እንዳይገባ፣ እኔ የምሰማበትን መንገድ መርጣ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት በተቀረጸ ካሴት ላይ፣ ና ውሰደኝ ብላ ላከችብኝ። እኔ ደግሞ ያችን ቃል በገዛ እጄ፣ ለባሌ አገር በሙሉ፣ በሁለት ብር በሁለት ብር ቆርጬ ሸጥኳት። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ አላየሁም፤ ያውም ያደረገው ራሱ።

ፍቃዱ ምን እንደሆንኩ አላወቀም። ካሴቱን ከማን አገኘኸው አልኩት። ከራሳቸው፣ ከወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አሰላ ጎረቤታችን ናቸው፣ አርጅተዋል፣ ደህና ናቸው አለ። ባላቸውን ጠይቄአቸው ስሙን ነግረውኝ አያውቁም፤ ባሌ ብቻ ነው የሚሉት አለኝ። ሐጂ ወደ እኔ አየ። ትናገራለህ ወይስ ልናገር የሚል አስተያየት ነው። ባሌ እኔ ነኝ አልኩት። ፍቃዱ ለአፍታ ከአገሩ ነኝ ያልኩ መሰለው፤ ከዚያ ገባው፤ ቁልፍ ያልተተከለበትን ኮት ለብሶ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ።

ደውልላት አልኩት። ሐጂ ነገ ይሁን፣ ተረጋጋ አለኝ። ነገ ከሆነ እንደማላደርገው ስለማውቅ ነው ደውል ያልኩት። ፍቃዱ ሰላምታ ሰጣት፣ ሰው ላገናኝዎት ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

«ጥሩወርቅ፣ ደምሴ ነኝ። የጎባው» አልኩ።

ከወዲያ ማሰሮ ይሁን ድስት አንድ ነገር ሲቀመጥ ሰማሁ።

«በሕይወት አለህ?» አለች።

«አለሁ። ዘፈኑን ሰማሁት። የመጨረሻዋን።»

«መቼ?»

«አሁን።»

በዚህ ጊዜ የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ምን እንጃ። ረዳቱን እስከ መጨረሻው ይስማው በለው ብዬው ነበር አለች። ይስማው ብላለች ብቻ አለኝ አልኳት። ግን በረዳቱ ማላከክ አፈርኩ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ካሴቱን፣ ድምፁን መዝጋቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ክረምት አዲስ አበባ ላይ ከባሌ አውቶቡስ በገባ ቁጥር መናኸሪያ እየሄደች ስትጠብቅ፣ በመጨረሻ የትኬት ቆራጮቹ ሻይ ይጋብዟት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው አሰላ እህቷ ዘንድ የገባችው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የተቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም፤ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው።

«ብሰማው ኖሮ እመጣ ነበር» አልኳት።

«አትመጣም ነበር ደምሴ» አለች። «አውቅሃለሁ።»

ሐጂን አየሁት፣ እሱም ጨርቁን አየ።

ምን ላድርግልሽ አልኳት። ለእኔ ምንም አታድርግ አለች፤ አገሬ ግን መግባት ያቃተኝ ባሏን ጥላ የሄደች ስለምባል ነው፣ እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት ለዚህ ነው። «ና ብዬ ነበር። ይህን ሰው ይወቅልኝ» አለችና ስልኩን ለፍቃዱ እንድሰጠው ጠየቀችኝ።

እሑድ ሰርጉ ቤት ገባሁ። ሐጂ አዲስ የተኮሰውን ኮት አለበሰኝ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የጎባ ሰው ግማሹ እዚያ ነው፣ የእኔና የጥሩወርቅ ሰርግ ላይ የጨፈሩ አሮጊቶች ሳይቀሩ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ፍቃዱ ከሞንታርቦው ጀርባ ወደ እኔ አየ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

ዘፈኑ ሲጀምር ሰዉ እንደ ልማዱ ክብ ሠራ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ትከሻው። ጭጋጉ ሲባል ጮኹ፣ ብርዱ ሲባል ጮኹ። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ዘፈኑ አለቀ ብለው ሙሽራዋን ወደ በሩ ማዞር ጀመሩ፤ ድምጿ ግን አልቆመም። ፊደል ባያነብም አለች። አንድ ሰው እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። ለጭብጨባ የተነሳ እጅ ተነስቶ ቀረ። ይድረሰው ቃሌ ብላ ስትጨርስ በድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው ክራሩ ብቻ ነበር።

የሙሽራዋ እናት ወደ ፍቃዱ ዞራ፣ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው? በዘፈናችን ላይ ማን ቀጠለበት?» አለችው። ጎረምሶቹም አጉረመረሙ።

ተነሳሁ። በአደባባይ ተናግሬ አላውቅም። ማንም አልቀጠለበትም፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስለ ካሴቱ ተናገርኩ፤ ደህና አድርጌ አልተናገርኩም፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ። ጥሩወርቅ አልጣለችኝም አልኩ። ሂጂ ያልኳት እኔ፣ ና ያለችኝ እሷ። «ባሌ ያለችው አገሩን አይደለም» አልኩ፤ «እኔን ነው።»

አንዲት ሰርጋችን ላይ የነበረች አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን በሁለት እጇ ገለጠችና፣ ከሁሉም ቀድማ እሷ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ አባባ፣ ና ሲሉዎት ሄዱ?»

«አልሄድኩም» አልኳት።